ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድና ዘርፎቹ

አማርኛ የምናስተምር መምህራን ሁሉ አንድ ነገር ሳያጋጥመን አልቀረም። ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ ከፊቱ አስቀምጧል፤ ዐይኑ ግን ከጠረጴዛው በታች ነው። ጠጋ ብለን ስናይ በጋዜጣ የተለበደ፣ ጠርዙ ያለቀ ልብ ወለድ ከጭኑ ላይ እናገኛለን። መጽሐፉም ብዙውን ጊዜ ሰላይ የሚታደንበት፣ ገዳይ የሚፈለግበት ወይም የተቀበረ ምስጢር የሚወጣበት ነው። መጽሐፉን እንቀማለን፤ ተማሪውን እንቆጣለን፤ ትምህርቱም ይቀጥላል።

እኔም በተማሪነቴ ይኸው ደርሶብኛል። በ2001 ዓ.ም የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ተራዬን ጠብቄ ለአንድ ሌሊት የተዋስኩትን ቅጂ መምህሬ ቀሙኝ። በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ብሄድ፣ እሳቸው ራሳቸው ግማሹን አድርሰውት አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ «ነገ ና፤ ገና አልጨረስኩም» አሉኝ። መጽሐፉ ተመለሰልኝ። ነገር ግን እሳቸውንም እኔንም እኩል አስሮ የያዘን ምን እንደሆነ አንድም ቀን በክፍል ውስጥ አልተነሣም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ያልተነሣ ጥያቄ ለማንሣት ይሞክራል። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት ምን ምን ዘርፎች እንዳሉትና በምን እንደሚለያዩም ያብራራል። ብዙ ሰው ዘርፎቹን የሚለየው በውስጣቸው በሚገኘው ዕቃ ነው። የምስጢር ጽሑፍ ካለበት የስለላ፣ ሬሳ ካለበት የወንጀል ይለዋል። ይህ አከፋፈል ለመጽሐፍ መደብር ይበቃ ይሆናል እንጂ ለትምህርት አይበቃም። አንዱ ድርጊት ብቻውን አምስት ስድስት ዓይነት ልብ ወለድ ሊወጣው ይችላልና። ዘርፎቹን የሚለያያቸው ለአንባቢው የሚቀርበው ጥያቄና ድርጊቱ የሚታይበት ዐይን ነው።

ልብ ሰቀላና ድንጋጤ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ልብ ሰቀላ የምንለው አንባቢው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ በጉጉትና በሥጋት የሚቆይበትን ሁኔታ ነው። በማናቸውም ጥሩ ታሪክ ውስጥ ጥቂት ልብ ሰቀላ አይጠፋም። ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ግን ልብ ሰቀላን እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ ዋና እህል ይጠቀምበታል።

ልብ ሰቀላና ድንጋጤ አንድ አይደሉም። በሱዳን ከእንጨትና ከሣር የሚሠራውን ዳስ ራኩባ ይሉታል። በአንድ ራኩባ ጥላ ሥር ሦስት ልጆች ገበጣ ከበው ሲጫወቱ ከጣራው ሣር ውስጥ እባብ ዱብ አለ እንበል። አንባቢው ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ባንድ አፍታ ያልፋል። አሁን ታሪኩን እንለውጠው። ደራሲው ገና ከመጀመሪያው እባቡ በሣሩ ውስጥ ሲንሸራተት ለአንባቢው ያሳየዋል፤ ልጆቹ ግን አላዩትም። አንደኛው ጠጠሩን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው «አጭበረበርክ» ብሎ ይሟገታል፤ ሦስተኛዋ እናቷ ስትጠራት «መጣሁ» ትልና ሳትነሣ ትቀራለች። ጨዋታው ያው ነው፤ አሁን ግን አንባቢው የሚያውቀውን ልጆቹ ባለማወቃቸው እያንዳንዱ ጠጠር ያስጨንቃል። ዝነኛው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክም ይህንኑ ልዩነት ከጠረጴዛ ሥር በተጠመደ ቦምብ እየመሰለ ያስረዳ ነበር።

ዘዴው ለአማርኛ ልብ ወለድ እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። ሴት መሆኗን አንባቢው ያውቃል፤ ወንድ መስላት የወደደቻት የንጉሥ ልጅ ግን አታውቅም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል በሚደረገው ንግግር ሁሉ «አሁንስ ታወቀባት» የሚል ሥጋት አለ። መጽሐፉ ዛሬ ልብ አንጠልጣይ ከምንለው ዓይነት አይደለም። መሣሪያው ግን ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ አንሥቶ በእጃችን ነበር።

አንድ እውነተኛ ጉዞ

ዘርፎቹን ለማነጻጸር ለሁሉም አንድ ድርጊት መውሰድ ይሻላል። ለዚህም ከአገራችን ሰዎች ሕይወት ጋር የተያያዘ፣ በጎረቤት አገር የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ አለ።

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍና በከሰላ መካከል፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። የጎንደሩ ጓንግ አትባራ፣ ተከዜም ሰቲት ተብለው የሚገናኙት በዚያው ምድር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም በጦርነትና በረኃብ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደደው አያሌ ሕዝብ በአካባቢው ሲሰፍር፣ ሾዋክ የስደተኞች ጉዳይ የሚመራባት ዋና ጣቢያ ሆና ነበር። ከስደተኞቹ መካከል ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ተነሥተው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን በጫካ እየተደበቁ ድንበር የተሻገሩ ቤተ እስራኤላውያን ይገኙባቸዋል። ብዙዎቹም በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈሩ።

ቀደም ብለው ሱዳን የደረሱት ፈረደ አክሉም ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ጋር ተገናኝተው መውጫ መንገድ በማዘጋጀቱ ሥራ ተካፋይ ሆኑ። ሞሳድም በቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ በተባለ ስፍራ ለባሕር ጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ ከፍቶ፣ ከዚያ ሽፋን ጀርባ ሰዎችን በሌሊት በመኪና እያመጣ በባሕር፣ ኋላም በአየር ያሻግር ነበር። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም ደግሞ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥራ፣ ስደተኞቹ ከገዳሪፍ አካባቢ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም አየር ማረፊያ እየተወሰዱ፣ በአንድ የቤልጅግ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በብራሰልስ በኩል እስራኤል ገቡ። ቁጥራቸው ከ7,000 እስከ 8,000 ይደርሳል። ምስጢሩ በይፋ ሲወጣ በረራው ቆመ። መጋቢት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ አርፈው 500 ያህል ሰዎችን ጭነው ሄዱ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

እንግዲህ ይህን ጉዞ ይዘን ዘርፎቹን በየተራ እንመልከት።

ሀ/ የስለላ ልብ ወለድ

የዚህ ዘርፍ ዋና ጥያቄ «ማንነቱ ይታወቅበት ይሆን?» የሚል ነው። ሰላይ ሁለት ሕይወት አለው፤ አንደኛው ለሰው የሚታየው፣ ሁለተኛው በስውር የሚሠራበት። አደጋውም ከጥይት ብቻ አይመጣም። ያለ ቦታው የተነገረ አንድ ቃል ወይም ከኪስ የወደቀ ቁራጭ ወረቀት ሊገድለው ይችላል። የአሩስ መዝናኛ ለዚህ የተመቸ መቼት ነው። ቀን ለእንግዶች የመጥለቂያ መሣሪያ የሚያቀብለው ሰው ሌሊት መብራቱን አጥፍቶ በበረሃ መኪና ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚሁ መዝናኛ የተሠራው ፊልም የመረጠውም ይህንኑ አንጻር ነው፤ የታሪኩ መሪ የሞሳድ ሰው ነው።

በአማርኛ የስለላን ታሪክ ለአንባቢ በማስለመድ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ማሞ ውድነህ ናቸው። በ1957 ዓ.ም ደማስቆ ላይ ስለተሰቀለው ስለ ኤሊ ኮኸን የሚናገረው «የኛው ሰው በደማስቆ» ብዙ ተነቧል። በውጭው ዓለም ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ለ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ሰላይ በጠላቱ ብቻ ሳይሆን በገዛ መሥሪያ ቤቱም መታለል እንደሚደርስበት አሳየ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዘርፍ ጥያቄ «ይታወቅበት ይሆን?» ከሚለው አልፎ «የሚሠራለትስ ወገን ይገባዋል ወይ?» እስከማለት ደርሷል።

ለ/ የሽሽት ልብ ወለድ

እዚህ ጥያቄው «ይደርሱ ይሆን?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የታተመው የጆን ባከን «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» የዘርፉ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ታሪክ አንድ ንጹሕ ሰው በጠላትም በፖሊስም ይታደናል። በሽሽት ልብ ወለድ መቼቱ ራሱ ባላጋራ ይሆናል፤ ርቀት፣ ጥማት፣ የሚነጋ ሌሊት ሁሉ ያሳድዳሉ።

ከጎንደር የወጣውን ቤተሰብ እናስብ። ከፊታቸው ሽፍታ አለ፤ ከጎናቸው ያለውን መንገድ መሪ አያውቁትም፤ ከኋላቸው የሚመለሱበት ቤት የለም። እናት የምትፈራው የሕፃኗን ልቅሶ ነው። ደራሲው በመጀመሪያው ምሽት የውኃው ኮዳ ክዳን እንደማይገጥም በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠቁም፣ ያ ንግር በሦስተኛው ቀን ዋጋ ያስከፍላል። የስለላው ልብ ወለድ ጀግና እዚህ ስም የለውም። ምናልባት በመጨረሻው ምዕራፍ ከሩቅ የሚታይ የመኪና መብራት ነው፤ ያውም ወዳጅ ይሁን ጠላት ያልታወቀ።

ሐ/ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ

ከላይ ያየናቸው ሁለቱ ዘርፎች ወደፊት ይገሠግሣሉ። የምርመራ ልብ ወለድ ግን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል። ወንጀሉ ተፈጽሟል፤ ጥያቄው «ማን አደረገው?» ነው። ምልሰት የዚህ ዘርፍ ዋና መሣሪያ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የጥያቄው ፍላጎት በአገራችን ጥንታዊ ነው። ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በአውጫጭኝ ደግሞ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪዎች ቢወያዩበት ይጠቅማል። ሌባ ሻይ ማስረጃ አይፈልግም፤ አውጫጭኝ ግን ሰው ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ያስገድዳል። የምርመራ ልብ ወለድ የሚጀምረው ሰው ከመጠርጠር አልፎ ምልክት አገናዝቦ ማረጋገጥ ሲፈልግ ነው።

አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ መንገዱን ጠረገ። አርተር ኮናን ዶይል ከ1887 ጀምሮ ሼርሎክ ሆልምስን፣ አጋታ ክሪስቲ ደግሞ ከ1920 ጀምሮ መርማሪዋን ፖዋሮን ለዓለም አስተዋወቁ። በአማርኛ በዚህ ዘርፍ ቀድመው ከጻፉት መካከል ይልማ ሀብተየስ ይጠቀሳሉ። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣም እውነተኛ የወንጀል ታሪኮችን በማቅረብ ለዘርፉ አንባቢ አፍርቷል።

የዘርፉ ሕግ አንድ ነው፤ መርማሪው ያየውን ምልክት አንባቢውም ማየት አለበት። ገዳዩ በመጨረሻው ገጽ ከየትም ቢመጣ አንባቢው ተታለለ እንጂ አልተደነቀም። በምሳሌያችን ጉዞ ላይ አንድ መንገድ መሪ ሞቶ ተገኘ፤ ከመጠለያው የተሰበሰበው ገንዘብም ጠፋ ብለን ልብ ወለድ ብንፈጥር፣ ፍንጮቹ ሁሉ ገዳዩ ከመገለጡ በፊት በታሪኩ ውስጥ ተበትነው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

መ/ የፖለቲካ ሤራ ልብ ወለድ

የዚህ ዘርፍ ጥያቄ «ከጀርባው ማን አለ?» ነው። ግለሰቡ የሚጋጨው ከአንድ ጠላት ጋር ሳይሆን ከሥልጣን ጋር ነው። የገዳሪፉ ጉዞ ለዚህም ይመቻል። አውቶቡሶቹ ኬላ የሚያልፉት ከላይ የታዘዘ ሰው ስላለ ነበር። ከመጨረሻው በረራ 15 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም የፕሬዚዳንት ኒሜሪ መንግሥት ወደቀ፤ ምክትላቸውና የጸጥታ ኃላፊያቸው የነበሩት ዑመር ጠይብም በዚሁ ጉዳይ ተከሰው ችሎት ቆሙ። እንዲህ ባለው ታሪክ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስደተኛ ወይም ሰላይ መሆን የለበትም። የተፈረመ ወረቀት እጁ የገባ አንድ የኬላ ጸሐፊ ይበቃል።

በአማርኛ የዘርፉ ታላቅ ሥራ በ1975 ዓ.ም የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ወደ አሥመራ ይላካል፤ ፍቅር፣ ስለላና የመንግሥት ምስጢር በአንድ ላይ ይጠላለፉበታል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም ከቤታቸው እንደወጡ ቀሩ። «ከጀርባው ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ራሱ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሆነ። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ፍሬድሪክ ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ልብ ወለድ አንድ ቅጥረኛ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ለመግደል ያደባል። ደጎል በጥይት እንዳልሞቱ አንባቢው ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም መጽሐፉን ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ልብ ሰቀላ የሚቆመው መጨረሻውን በመደበቅ ብቻ አይደለም፤ «እንዴት?» የሚለውም ጥያቄ ይበቃዋል።

ሠ/ የሥነ ልቡና ልብ ወለድ

ይህ ዘርፍ አሳዳጅ አያሻውም፤ አንዳንዴም አንድ ክፍል ይበቃዋል። ጥያቄው «ማንን ልመን? ራሴንስ ማመን እችላለሁ?» ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው የፓትሪሻ ሃይስሚዝ ልብ ወለድ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ባቡር ላይ ይገናኛሉ፤ እንደ ዋዛ የተጀመረው ወሬም አንደኛውን ወደ ነፍስ ግድያ ይጎትተዋል።

በመጠለያው የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን እምነታቸውን ሸሽገው ለመኖር ይገደዱ ነበር። አንዲት ወጣት ጎረቤቷ «እናንተ ቅዳሜ እሳት አታነዱም እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት እንውሰድ። ጥያቄው የዋህ ነው ወይስ ወጥመድ? ወጣቲቱ ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤቷን ድምፅ እያስታወሰች ትገላበጣለች። ጥይት አልተተኮሰም፤ ማንም አልሮጠም፤ የአንባቢው ልብ ግን ተሰቅሏል።

ረ/ ሌሎች ዘርፎች

የቀሩትን በአጭሩ እንጥቀስ። የችሎት ልብ ወለድ «ይፈረድበት ይሆን?» ይላል፤ በጠበቃው ደራሲ በጆን ግሪሻም ሥራዎች ይታወቃል። «በላ ልበልሃ» እያለ የሚሟገት አባት ላለው ሕዝብ ይህ ዘርፍ ባዕድ አይሆንበትም። የሕክምናና የሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ አደጋውን ከላቦራቶሪ ወይም ከሆስፒታል ያመጣዋል፤ ሐኪሙ ሮቢን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው «ኮማ» የተለመደ ምሳሌ ነው። የጥንታዊ ምስጢር ልብ ወለድ የዛሬውን አደጋ ከጥንት ቅርስ ጋር ያያይዛል። የጣናን ገዳማት፣ ሳይንስንና ስለላን ያጣመረው «ዴርቶጋዳ» በሁለት ሦስት ዘርፎች ላይ ባንድ ጊዜ የሚቆም ነው። ዘርፎች አጥር አይደሉምና መቀላቀላቸው ነውር የለበትም።

መሐል ላይ የሚቆመው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ጉዞው አንድ ነው፤ በየዘርፉ ግን መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ይለያያል። በስለላው ታሪክ መሐል ያለው የውጭ አገር ሰላይ ሲሆን፣ ከጎንደር በእግሩ የመጣው ገበሬ የሚጫን ዕቃ ይመስላል። በሽሽቱ ታሪክ ያው ገበሬ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል። በፖለቲካው ታሪክ ሁለቱም ወደ ጠርዝ ይገፋሉ። በሥነ ልቡናው ታሪክ ደግሞ በሌሎቹ ሁሉ ስሟ ያልተጠራ ወጣት ዓለሙን ትሞላዋለች። እንግዲህ ዘርፍ መምረጥ ማለት የማን ፍርሃት እንደሚቆጠር መምረጥ ማለት ነው። 4,000 ሰው የሞተበት ጉዞ በመዝናኛው ሰላይ ዐይን ብቻ ሲነገር፣ ውሸት ሳይጨመርበት እንኳ ብዙ እውነት ይቀርበታል። ተማሪ ይህን አንዴ ከተረዳ፣ ልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን ፊልምና ዜናም ሲከታተል «ይህን የማየው በማን ዐይን ነው?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።

ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ሐሳቦች

1ኛ/ ተማሪዎች በአካባቢያቸው የሚያውቁትን አንድ ቀላል ድርጊት፣ ለምሳሌ የጠፋ በሬ ወይም በሌሊት የተንኳኳ በር፣ በቡድን ተከፋፍለው በልዩ ልዩ ዘርፍ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከዚያም የየቡድኑ ጥያቄ ምን እንደሆነ ሌሎቹ ይለዩ።

2ኛ/ ከሚያነቡት ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ንግር፣ አንድ ምልሰትና አንድ የልብ ሰቀላ ቦታ ለይተው ያስረዱ።

3ኛ/ በአንድ ታሪክ ውስጥ ስም ያልተሰጠውን ሰው መርጠው ያንኑ ትዕይንት በእሱ አንጻር እንደገና ይጻፉት።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ኡም ራኩባ ከብዙ ዓመት በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም ለአዲስ ስደተኞች እንደገና ተከፍቷል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮም የሱዳን ጦርነት ብዙዎችን ዳግመኛ አሰድዷል። በሾዋክም ሆነ በመተማ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ክፍላችን ውስጥ ሽሽትን በልብ ወለድ ሳይሆን በእግሩ የሚያውቅ ተማሪ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ተማሪ «የራስህን ጻፍ» ብሎ ማስገደድ አይገባም። የጠፋ በሬ ታሪክ ይስጡት። የራሱን ከዚያ ውስጥ ሊከተው ቢፈልግ ራሱ ያውቃል።

ከጠረጴዛ ሥር የተገኘውን መጽሐፍ በተመለከተ ግን ምክሬ አጭር ነው። በትምህርት ሰዓት የተነበበ መጽሐፍ ይወሰድ፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ሲመለስ ግን ከቁጣ ጋር ሳይሆን «እስከ የት ደረስክ? ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» ከሚል ጥያቄ ጋር ይመለስ። መምህሬ ያን ዕለት ይህን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለታችንም እዚያው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በጀመርን ነበር።